እግራችንን ማን ያየዋል?

እንደሚታወቀው መምህር በቁሙ የሚሠራ ሰው ነው። ጠመኔውን ይዞ ከሰሌዳው እስከ መጨረሻው ዴስክ ሲመላለስ ይውላል። ገጠር የተመደበ እንደሆነ ደግሞ ከትምህርቱ በፊትና በኋላ መንገዱ አለ፣ ዳገቱ አለ፣ ጭቃው አለ። ይህን ሁሉ የሚሸከመው እግር ነው። ታዲያ ጠዋት ጠዋት ፊታችንን እንታጠባለን፣ ጥርሳችንን እንፍቃለን፣ ጸጉራችንን እናበጥራለን፤ እግራችንንስ? ኧረ ማን ያየዋል! ካልሲ ውስጥ ይገባል፣ ጫማ ይከደንበታል፣ አበቃ። የምናስታውሰው ሲያሳክከን ወይም ስናነክስ ብቻ ነው።

አንድ እግር 26 አጥንቶች አሉት። ሁለቱ ሲደመሩ 52 ይሆናሉ። የአዋቂ ሰው አጥንት በጠቅላላው 206 ስለሆነ፣ ከአጥንታችን ሩብ ያህሉ የሚገኘው ከቁርጭምጭሚት ጀምሮ ወደ ታች ነው ማለት ነው። በዚያ ላይ የውስጥ እግር ቆዳ ላብ የሚያመነጩ ዕጢዎች በብዛት ካሉባቸው ቦታዎች አንዱ ነው። ይህን የሚያልብ አካል ቀኑን ሙሉ አፍነን እንውላለንና የሚመጣው ነገር ሊያስደንቀን አይገባም።

የጤና ክበባችን ይህን ጽሑፍ ለግድግዳ ጋዜጣችን ያዘጋጀው ግን አጥንት ለመቁጠር አይደለም። ለተግባር ልምምድ ወደ ገጠር ትምህርት ቤቶች ወጥተን በነበረ ጊዜ ባየነው፣ በይበልጥም በሠራነው ስሕተት ምክንያት ነው። ስሕተቱን ደብቀን ምክር ብቻ ብንጽፍ አንባቢ ይታዘበናል፤ ስለዚህ ከሱ እንጀምር።

ሦስታችን የተመደብነው አንደኛ ክፍል ነበር። ልጆቹ አርፈው አይቀመጡም፤ አንዱን እግር በሌላው ያካሉ፣ ተረከዛቸውን ከዴስኩ እግር ጋር ያፋትጋሉ። እኛም ስለ ክፍል ሥርዓት የተማርነውን አስታውሰን ተቆጣን። በሁለተኛው ቀን አንዲት ልጅ ፊደል እንድትቆጥር ወደ ሰሌዳው ብንጠራት ጣቶቿን ወደ ላይ ሰቅላ በተረከዟ ብቻ እየረገጠች መጣች። ጎንበስ ብለን አየን፤ ሙጃሌ ነው። የሌሎቹንም አየን፤ ከክፍሉ ልጆች አሥራ አንዱ ሙጃሌ ነበረባቸው። ለካስ ስንቆጣ የነበረው ሕመምን ነው!

እኛም ጎበዞች ነን፤ መርፌ አወጣን። በክብሪት አንዴ ለብለብ አድርገን አሥራ አንዱንም ልጆች በዚያችው አንድ መርፌ ስንነቅስላቸው ዋልን። ልጆቹ አለቀሱ፣ እኛ ደስ አለን። በማግስቱ የቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ወሬውን ሰምታ መጣች። ‹‹መምህሮች፣ በጎ ለመሥራት እንደሆነ አውቃለሁ፤ ግን የአንዱን ልጅ ደም ለሌላው ስታዳርሱ እንደዋላችሁ ታውቃላችሁ?›› አለችን። ምን እንመልስ? በአንድ ስለት ለብዙ ሰው መጠቀም ኤችአይቪንና የጉበት ቫይረስን ሊያስተላልፍ እንደሚችል ፈተና ላይ ስንጽፍ የኖርን ሰዎች ነን። ልጆቹን ከወላጆቻቸው ጋር ወደ ጤና ጣቢያ ወሰደቻቸው፤ ምርመራ ተደረገላቸው፣ የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት ያልጨረሱትም ተከተቡ። ደግነቱ የከፋ ነገር አልተገኘም። እኛ ግን መርፌ ባየን ቁጥር ያቺ ቀን ትታወሰናለች።

ሙጃሌ ከቁንጫ ወገን የሆነች ተባይ ናት፤ ርዝመቷ 1 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ነው። የትውልድ አገሯ አፍሪካ አይደለም፤ የአሜሪካ አህጉር ሞቃት ክፍል ነው። እ.ኤ.አ. በ1872 ከብራዚል በመጣ መርከብ አሸዋ ተሳፍራ አንጎላ እንደወረደችና ከዚያ በመንገደኛ እግር አህጉራችንን እንዳዳረሰች ይነገራል። ቆዳ ውስጥ የምትቀበረው እንስቷ ናት። በጭንቅላቷ በኩል ትገባና ኋላዋን ብቻ ውጭ ታስቀራለች፤ በነጩ እብጠት መሃል የምትታየው ጥቁር ነጥብ ይህች ናት። በዚያች ቀዳዳ ትተነፍሳለች፣ በዚያችው እንቁላል ትጥላለች። በአንድ ሁለት ሳምንት ውስጥ ሆዷ አድጎ የአተር ፍሬ ያህላል። እንቁላሏን መሬት ላይ ካፈሰሰች በኋላም እዚያው ቆዳ ውስጥ ትሞታለች። እንቁላሉ ደረቅ አቧራ ውስጥ ይፈለፈላል። ስለዚህ እግሩን ብቻ አክሞ ቤቱን መተው ሥራን በግማሽ ማቆም ነው። የቤቱ ወለል አቧራማ ከሆነ፣ ውሻና አሳማም እዚያው የሚተኙ ከሆነ ልጁ በሳምንቱ እንደገና ይያዛል።

ታዲያ ምን ይደረግ? በመጀመሪያ እግሩ በውሃና በሳሙና በደንብ ይታጠባል። ለእያንዳንዱ ልጅ አዲስ፣ ንጹሕ መርፌ ይያዛል፤ የአንዱ ለሌላው አይሆንም፤ በእሳት ለብለብ ማድረግ አይበቃም። ቀዳዳዋ በጥንቃቄ ሰፋ ተደርጋ ተባይዋ ሳትፈነዳ ሙሉዋን ትወጣለች፤ ፈንድታ ቁራጯ ውስጥ ከቀረ ቦታው ያመረቅዛል። ከወጣች በኋላ ቁስሉ በአዮዲን ወይም በሌላ የቁስል መድኃኒት ይጸዳል፣ ንጹሕ ጨርቅ ይሸፈንበታል። ብዙ ከሆኑ፣ እግሩ ካበጠ ወይም መግል ከያዘ በቤት አይነካም፤ ጤና ጣቢያ ይሄዳል። ዲሜቲኮን የሚባል ዘይት ደግሞ አለ፤ ያለ መርፌ መተንፈሻዋን ደፍኖ ተባይዋን ይገድላል። በሚገኝበት ቦታ ለሕፃናት ከመርፌው ይልቅ እሱ ይመረጣል። ላምባ መቀባትና የእህል ፀረ ተባይ መርጨት ግን ክፉ ልማድ ነው፤ ቆዳ ያቃጥላል፣ መርዙም በቁስሉ ይገባል። ወለሉ ውሃ እየተረጨ ይጠረግ፣ ይለቅለቅ፤ እንስሳቱ ለየት ብለው ይደሩ። የክፍላችንም ወለል አቧራ እንደሆነ አንርሳ። እኛ በዚያ ትምህርት ቤት ከስሕተታችን በኋላ የሠራነው አንድ ደህና ነገር ቢኖር፣ ጠዋት ጠዋት ተራ አውጥተን ክፍሉን ውሃ እየረጨን ማስጠረጋችን ነው።

ሁለተኛው ያየነው ከሙጃሌም ይብሳል።

በዚያው ትምህርት ቤት ስድስተኛ ክፍል ውስጥ አንድ ልጅ ከመስኮቱ አጠገብ ለብቻው ይቀመጥ ነበር። አሥራ አራት ወይም አሥራ አምስት ዓመት ይሆነዋል። ዴስኩ ለሦስት የተሠራ ነው፤ እሱ ግን ብቻውን ነው። እግሩ እስከ ቁርጭምጭሚቱ አብጧል፤ ጣቶቹ ተወጥረዋል። ለምን ለብቻው እንደተቀመጠ ብንጠይቅ ‹‹እንዳያጋባ ነው›› ተባልን። ይህን ያለን ተማሪ ቢሆን ኖሮ ባልገረመን፤ ያለን ግን መምህር ነው።

ይህ በሽታ በተለምዶ ዝሆኔ ወይም የዝሆን እግር ይባላል። አንዳንዱ መርገም ነው ይላል፣ ሌላው እባብ የሄደበትን ረግጦ ነው ይላል። በእርግጥ እግርን እንዲህ የሚያሳብጥ በትንኝ ንክሻ የሚተላለፍ ትልም አለ፤ እሱ ግን የቆላ ነገር ነው። በደጋና በወይና ደጋ በቀይ አፈር አካባቢ የሚታየው በአብዛኛው ከአፈሩ የሚመጣ ነው። ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተገኘ ቀይ አፈር ውስጥ በዓይን የማይታዩ የማዕድን ቅንጣቶች አሉ። በባዶ እግር ለዓመታት ሲረገጥ እነዚህ ቅንጣቶች በቆዳ ውስጥ አልፈው ይገባሉ፤ ከእግር ወደ ላይ ፈሳሽ የሚመልሱትን ቀጫጭን ቧንቧዎች፣ ሊምፍ የሚባሉትን፣ ያስቆጣሉ፣ ያጠባሉ። ፈሳሹ መመለሻ ሲያጣ እዚያው ይከማቻል፤ እግሩም ያብጣል። በግብርና የሚተዳደር ቤተሰብ፣ ዝናብ የሚበዛበት ደጋ፣ ቀይ አፈር፣ ጫማ የሌለው እግር ባንድ ላይ ሲገኙ በሽታው ከዚያ አይጠፋም።

በአገራችን ይሠራ የነበረ እንግሊዛዊ ሐኪም፣ ኧርነስት ፕራይስ፣ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ነገሩን አጥንቶ ከአፈር ጋር ያለውን ዝምድና በሰፊው ጽፏል። ፖዶኮኒዮሲስ የሚለውንም ስም ያወጣለት እሱ ነው፤ ከግሪክኛ እግርና አቧራ ከሚሉት ቃላት የመጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 የዓለም የጤና ድርጅት ችላ ከተባሉት የሐሩር ክልል በሽታዎች መካከል አስገብቶታል። በኢትዮጵያ ውስጥ 1.5 ሚሊዮን ያህል ሰዎች እንዳለባቸው ይገመታል። ይህን ያህል ሰው የያዘ በሽታ እስከ አሁን ከንፍሮ ውሃና ከጠበል ሌላ የሚያውቅለት የሌለው መንደር መኖሩ ያሳዝናል።

አንድ ጥያቄ ይነሳል። በአንድ መንደር፣ በአንድ ማሳ ላይ፣ ሁሉም በባዶ እግሩ ሲሄድ ለምን አንዱ ይታመማል፣ ሌላው ይቀራል? እ.ኤ.አ. በ2012 ኢትዮጵያውያን ተመራማሪዎች የተካፈሉበት ጥናት መልሱን አስረድቷል፤ አንዳንድ ሰው በተፈጥሮው፣ በዘር በሚወርስ ሁኔታ፣ ለእነዚያ ቅንጣቶች ቁጡ የሆነ አካል ይዞ ይወለዳል። ስለዚህ በአንድ ቤት ሁለትና ሦስት ሰው ታሞ ብናይ ተጋብቶባቸው አይደለም። ከዘር የሚወረሰውም በሽታው አይደለም፤ ተጋላጭነቱ ነው። ተጋላጭ ሆኖ የተወለደ ልጅ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ጫማ ካደረገና እግሩን ከታጠበ ዕድሜውን ሙሉ ላይታመም ይችላል። ከሰው ወደ ሰው ደግሞ ጨርሶ አይተላለፍም። በጨርቅ አይተላለፍም፣ በዴስክ አይተላለፍም፣ በትንፋሽ አይተላለፍም፣ አብሮ በመብላትም አይተላለፍም።

ሲጀምር የውጫዊው እግር ቆዳ ያሳክካል፣ ያቃጥላል። ማታ አብጦ ጠዋት ይሟሽሻል። በዚህ ጊዜ ከተደረሰበት ሊመለስ ይችላል፤ የመምህር ዓይን የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው፣ ልጁ ገና ተማሪ ነውና። እየቆየ ሲሄድ ቆዳው ይወፍራል፣ እንደ ኪንታሮት ያለ ሻካራ ነገር ያወጣል፣ በጣቶቹ መሃል ይቆስላል፣ ይሸታል። አልፎ አልፎ ደግሞ ይቀሰቅስበታል፤ እግሩ ይግላል፣ ይቀላል፣ ብርድ ብርድ ይለዋል፣ ትኩሳት ይይዘዋል፣ ለቀናት ከአልጋ አይነሳም። ያን ጊዜ እግሩን ሰቅሎ መተኛት፣ ቀዝቀዝ ባለ ውሃ ማብረድ፣ የትኩሳትና የሕመም ማስታገሻ መውሰድና ሳይዘገዩ ጤና ጣቢያ መሄድ ያስፈልጋል።

ሕክምናው ከባድ መሣሪያ አይጠይቅም። በየቀኑ እግርን በሳሙና ማጠብ፤ ከዚያ 6 ሊትር ውሃ በሚይዝ ሳፋ ውስጥ 5 ከመቶ የሆነ በረኪና 15 ሚሊ ሊትር ብቻ ጨምሮ 20 ደቂቃ ያህል መዘፍዘፍ፤ በጣቶች መሃል ሳይቀር ማድረቅ፤ ቫዝሊን መቀባት፤ ካልሲና የተከደነ ጫማ ማድረግ፤ ሲቀመጡ እግርን ከፍ ማድረግ፣ ቁርጭምጭሚትን ማንቀሳቀስ። በረኪናውን ‹‹ቢበዛ ይጠቅማል›› ብሎ የሚጨምር ሰው ቆዳውን ይልጣል፤ በሲሪንጅ ቢለካ ይሻላል፣ የመጀመሪያውንም ቀን የጤና ሠራተኛ ብታሳይ ይመረጣል። ይህ ተራ የሚመስል ነገር በምሥራቅ ጎጃም በጥናት ተፈትኗል፤ እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመው ውጤት እንዲህ እግራቸውን የተንከባከቡት ሰዎች የሚቀሰቅስባቸው ጊዜ ካልተንከባከቡት እንዳነሰ አሳይቷል። ውሃ፣ ሳሙና፣ ቅባትና ጫማ ነው እንግዲህ።

ልጁን በሚመለከት፣ እኛ በመጀመሪያ ያደረግነው ነገር ቢኖር በትርፍ ሰዓት ሄደን አጠገቡ መቀመጥ ነው። ንግግር ከማድረጋችን በፊት ማለታችን ነው። ሁለት ቀን አብረነው ተቀመጥን፤ በሦስተኛው ቀን አንድ የክፍል ጓደኛው መጥቶ ተጠጋን። ከዚያ በኋላ በጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ እርዳታ በሳይንስ ክፍለ ጊዜ ስለ አፈሩ አስረዳን። እናቱን ቤታቸው ሄደን አነጋገርናቸው። ‹‹አያቱም እንዲሁ ነበሩ፤ የኛ ዕጣ ነው ልጆቼ›› አሉን። ዕጣ አለመሆኑን ለማስረዳት አንድ ቀን አልበቃንም። ልምምዳችን ሲያልቅ ልጁ ከቁጥሩ በሁለት የሚበልጥ ሸራ ጫማ ተገዝቶለት ክፍል ይገባ ነበር። ከዚያ ወዲህ ያለውን አናውቅም።

ይህን ስንናገር ከመኝታ ክፍል ጓደኞቻችን አንዱ ‹‹አበበ ቢቂላስ?›› አለን። እውነት ነው፤ አበበ በ1952 ዓ.ም. ጳጉሜን ላይ ሮም ውስጥ 42 ኪሎ ሜትሩን በባዶ እግሩ ሮጦ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ ገብቷል። ነገር ግን አበበ የሮጠው በሮም አውራ ጎዳና ላይ እንጂ በቀይ አፈር ማሳ ውስጥ አልነበረም። ከአራት ዓመት በኋላ ቶኪዮ ላይ ደግሞ ጫማና ካልሲ አድርጎ ሦስት ደቂቃ ያህል አሻሽሎ አሸነፈ። ስለዚህ አበበን ለባዶ እግር ጠበቃ አድርገን ባንጠራው ጥሩ ነው።

አሁን ደግሞ ወደ ራሳችን መኝታ ቤት እንመለስ። ማታ ሁሉም ጫማውን ሲያወልቅ ያለውን ሽታ ለማንም መንገር አያስፈልግም። ሽታው የላቡ አይደለም፤ ላብ ራሱ ብዙም ሽታ የለውም። ላቡንና የሞተውን ቆዳ የሚበሉ ባክቴሪያዎች ናቸው የሚያሸቱት። በተለይ የፕላስቲክ ጫማና ያለ ካልሲ የሚደረግ ሸራ ጫማ ያብሱታል። ሽቶ መንፋት ከንቱ ነው። እግርን በየማታው መታጠብና ማድረቅ፣ ካልሲን በየቀኑ መለወጥ፣ የጫማውን የውስጥ ንጣፍ አውጥቶ ፀሐይ ላይ ማዋል፣ ከተቻለም ሁለት ጫማ እያፈራረቁ ማድረግ ነው መድኃኒቱ። ሁለት ጫማ ከየት ይምጣ የምትሉ እንዳላችሁ እናውቃለን፤ እኛም እንደዚያው ነን። ቢያንስ ማታ ማታ አልጋ ሥር አይወርወር፤ ነፋስ ያግኝ።

በጣቶች መሃል፣ ብዙውን ጊዜ በትንሿና በቀጣይዋ ጣት መካከል፣ ቆዳው ነጥቶ የሚላላጠውና የሚያሳክከው ፈንገስ ነው። ጭርትን ከሚያመጣው ወገን ነው። እርጥበት ይወዳል፤ በመታጠቢያ ቤት ወለል፣ በተዋሱት ነጠላ ጫማ፣ በጋራ ፎጣ ይሸጋገራል። ለዚህ ክሎትሪማዞል የሚባለው ቅባት ወይም የዊትፊልድ ቅባት ይሠራል፤ ክሎትሪማዞሉ በቀን ሁለት ጊዜ፣ አራት ሳምንት ያህል ይቀባል። ስሕተታችን ምንድን ነው? ማሳከኩ በአምስተኛው ቀን ሲቆም ‹‹ዳንኩ›› ብለን ቅባቱን ለጓደኛ መስጠት! ፈንገሱ ገና አልሞተም። ከጠፋም በኋላ ሁለት ሳምንት ያህል መቀጠል ያስፈልጋል። ሌላው ስሕተት ከመድኃኒት ቤት ‹‹የቆዳ ቅባት ስጠኝ›› ብሎ ቤታሜታዞን መግዛት ነው። ቤታሜታዞን ማሳከኩን ለጊዜው ያስታግሳል፤ ፈንገሱን ግን አይገድልም፣ እንዲያውም ተደላድሎ እንዲስፋፋ ያደርገዋል። ፈንገሱ ጥፍር ውስጥ ገብቶ ጥፍሩን ካወፈረውና ካቢጫው ደግሞ ቅባት ብቻውን ብዙ አይረዳም፤ በሐኪም ትእዛዝ ለወራት የሚዋጥ መድኃኒት አለ። የአውራ ጣት ጥፍር ሙሉ በሙሉ ለመተካት ከ12 እስከ 18 ወር ስለሚፈጅ በወሩ ካልተለወጠ ተስፋ አይቆረጥም።

ስለ ጥፍር ካነሳን፣ የአውራ ጣታችን ጥፍር ወደ ሥጋ የሚገባብን ለምንድን ነው? በአቆራረጣችን ነው። ጥግ ጥጉን አዙረን እንደ እጅ ጥፍር ክብ አድርገን እንቆርጠዋለን፤ የቀረችው ሹል ጫፍ ስታድግ ሥጋውን ትወጋለች። ጠባብ ጫማ ደግሞ ይገፋታል። ጣቱ ይቀላል፣ ያብጣል፣ ይመግላል። የእግር ጥፍር ቀጥ ተደርጎ፣ በጣም ሳያጥር፣ ጥጉ ሳይነካ ይቆረጣል። መግባት የጀመረ እንደሆነ ሞቅ ባለ የጨው ውሃ በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ መዘፍዘፍና ሰፊ ጫማ ማድረግ ብዙ ጊዜ ያድነዋል። መግል ከያዘ ግን በምላጭ ጥጉን ለመቦርቦር የሚሞክር ሰው ነገ ሙሉ ጣቱን ይዞ ሐኪም ቤት ይሄዳል። በጤና ጣቢያ አደንዝዘው የጥፍሩን ጠርዝ ብቻ ያወጡለታል፤ ቀላል ሥራ ነው።

ውሃ መቋጠርና ጣት ላይ እንደ ጠጠር የሚደርቀው ቆዳ የጫማ ሥራ ናቸው። ውሃ የቋጠረውን አናፍርጠው፤ ቆዳው ራሱ ፋሻ ነው። በራሱ ከፈረጠ ግን ቆዳውን ሳንገፍ እንታጠበው፣ እንሸፍነው። የደረቀውን በምላጭ መላግ አደገኛ ነው፤ ሞቅ ባለ ውሃ ዘፍዝፎ በሻካራ ድንጋይ ቀስ በቀስ ማሸት ይበቃል። ተረከዙ የተሰነጠቀበትም እንዲሁ ያድርግና ቫዝሊን ወይም ግሊሰሪን ቀብቶ ካልሲ አድርጎ ይተኛ። ጫማ ስንገዛ ከሰዓት በኋላ እንግዛ፤ እግር ሲውል ያብጣልና ጠዋት ልክ የሆነው ማታ ይጠባል። ቆመን እንለካው፤ ከረጅሙ ጣት ፊት የአውራ ጣት ስፋት ያህል ክፍት ይቅር። ‹‹ሲለበስ ይሰፋል›› የሚለውን የሻጭ ወሬ እንተወው፤ የሚሰፋው ጫማው ሳይሆን ቁስላችን ነው።

እንቅፋት የመታው ጥፍር ቢጠቁር አትደንግጡ፤ የረጋ ደም ነው፣ ከጥፍሩ ጋር እያደገ ይወጣል። እሾህ ሲወጋ በወረንጦ ይወጣል፣ ቁስሉ ይታጠባል። ምስማር ወይም እሾህ በጥልቀት የወጋው ሰው የመንጋጋ ቆልፍ ክትባቱን መቼ እንደወሰደ ይጠይቅ።

እስከ አሁን የተናገርነው ስለሚያም እግር ነው። ይበልጥ የሚያስፈራው ግን የማያም እግር ነው። ስኳር በሽታ ለዓመታት ሲቆይ የእግር ነርቮችን ያደነዝዛል፤ ሥጋ ደዌም እንዲሁ። በቆዳው ላይ ስሜት የሌለው ነጣ ያለ ምልክት ያየ ሰው አይደብቀው። ሥጋ ደዌ ዛሬ ይድናል፤ መድኃኒቱ በነፃ ይሰጣል፣ ሕክምናው እንደ ዓይነቱ 6 ወይም 12 ወር ነው። አዲስ አበባ የሚገኘው አለርት እ.ኤ.አ. በ1965 የተቋቋመው ለዚሁ በሽታ ሕክምናና ሥልጠና ነበር። ቀደም ብሎ የታከመ ጣቱን አያጣም።

ስኳር ያለበት ሰው በቤትም ውስጥ በባዶ እግሩ አይሂድ። እግሩን ምድጃ ዳር አያሙቅ፤ ሲቃጠል አይሰማውም። ውሃውን በእግሩ ሳይሆን በክርኑ ይለካ። ጫማውን ከማድረጉ በፊት አራግፎ በእጁ ውስጡን ይዳስስ። ትንሽ ቁስል ካየ ‹‹አላመመኝም›› ብሎ አይቆይ፤ ያላመመው ለዚህ ነው።

ይህን የምንለው ከመካከላችን የአንዱ አባት በደረሰባቸው ነው። ጠዋት ጫማቸውን አጥልቀው ገበያ ሄዱ፤ ቀኑን ሙሉ ሲዘዋወሩ ዋሉ፤ ማታ ሲያወልቁ ካልሲው በደም ርሶ ተገኘ። ጫማው ውስጥ ምስማር ነበር። አንድም ጊዜ አልተሰማቸውም። ሁለት ጣቶቻቸው በኋላ ተቆረጡ። አሁን ማታ ማታ ከእራት በፊት የቤቱ ትንሿ ልጅ ሳፋና ፎጣ ይዛ ትመጣለች፤ ለብ ባለ ውሃ ታጥባቸዋለች፣ ታደርቃቸዋለች፤ ከዚያ መብራቱን አስጠግታ ውስጥ እግራቸውን፣ ተረከዛቸውን፣ የጣቶቻቸውንም መሃል አንድ በአንድ ታያለች። አባትየው በመጀመሪያ ያፍሩ ነበር፤ አሁን እሷ ስትዘገይ ራሳቸው ይጠሯታል።